የጉለሌ መሬት የማን ነበር?

ዛሬ የመሬት ሕግ በተለወጠ ቁጥር ቀድሞ በመሬቱ ላይ የነበረው ሰው ምን እንደደረሰው እንነጋገራለን።

ዊንጌት ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1946 ከተከፈተውና በእንግሊዛዊ ጄኔራል ከተሰየመው ትምህርት ቤት ነው። ጉለሌ ግን ከተማው ሳይቆረቆር እዚህ ይኖር የነበረ የቱለማ ኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መሬቱ ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ በየሰፈሩ ተሰጠ። በ1900 ዓ.ም. የከተማዋ የመሬት ሕግ ወጣና ቦታ እየተለካ በስም ተመዘገበ፤ መሸጥም ተፈቀደ። ለከተማ ሥርዓት መልካም ሥራ ነበር። ሆኖም መዝገቡ የሚጠይቀው «ማን ሰጠህ?» ብሎ እንጂ «ከአንተ በፊት ማን ነበር?» ብሎ አልነበረም። ጎሳው በቦታው ላይ ስሙ ቀረለት፤ ወረቀቱ ወደ ሌላ እጅ ሄደ።

ይህ ለእኛ ለሙስሊሞች እንግዳ ታሪክ አይደለም። በአብዛኛው የሰሜኑ አገር ሙስሊም ርስት ስላልነበረው ወደ ሽመናና ንግድ ዞረ። (ሙስሊም ንግድ ለምን ይወዳል የሚሉን ወገኖች መልሱን እዚህ ይፈልጉት።) ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አባቶቻችን በአዲስ አበባ ሰልፍ ሲወጡ ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ የመሬት ባለቤትነት ነበር።

ዓመት ሳይሞላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ መሆኑ ታወጀ፤ ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር። ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ጭሰኛ ከባላባት ተላቀቀ፤ ሙስሊሙም ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ ማሳ አገኘ። ይህን ውለታ መካድ ፍትሕ አይደለም። ነገር ግን አባቶቻችን የጠየቁት ባለቤትነት ነበር፤ የተሰጣቸው መጠቀም ብቻ። መሸጥም ማስያዝም ተከለከለ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ሲል ይህንኑ አጸና፤ ገበሬውም ከይዞታው እንዳይነቀል ዋስትና ሰጠ። ሆኖም ከተማው በሰፋ ቁጥር በዙሪያው ያለው ገበሬ በካሳ ተነሣ። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የጋራ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ አስነሣ፤ የተሰረዘው በጥር 2008 ዓ.ም.፣ ስንት ሕይወት ከጠፋ በኋላ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሰው መሬት ስንዝር እንኳ በግፍ ስለመውሰድ እንዴት አድርገው እንዳስጠነቀቁ ታውቃላችሁ፤ ሐዲሡ የመሬቱ ባለቤት ሙስሊም ይሁን አይሁን ብሎ አልለየም።

ዛሬ ዊንጌት አካባቢ ቤት ሲሸጥ ውሉ የሚናገረው ስለ ቤቱ ብቻ ነው፤ መሬት አይሸጥምና። ለሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ያ ሁሉ ገንዘብ የሚጠየቀው ግን ለጭቃው አይደለም።