የካርቦን ምገባ

ተክል በተተከለበት የመስታወት ገንዳ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በደቃቅ አረፋ እየለቀቁ በውሃው ውስጥ እንዲሟሟ ማድረግ በውጭው ዓለም የተለመደ ሥራ ነው። እኛ ዘንድ ገና ስም አልወጣለትም። የእንግሊዝኛው ስያሜ መርፌ ከመውጋት የተወሰደ ስለሆነ በቀጥታ ቢመለስ ክሊኒክ ያስታውሳል። «ጋዝ መጨመር» ቢባል ደግሞ ቡታጋዝ ይመጣል። እኔ «የካርቦን ምገባ» እለዋለሁ። ምገባን ከተማሪዎች ምገባ ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚሆነውም እሱው ነው። በትምህርት ቤት «የተቃጠለ አየር» ብለን የተማርነው ይህ ጋዝ የተክል ቀለብ ነው፤ ከተክል ደረቅ ክብደት 40 በመቶ ያህሉ ካርቦን ነው።

ከአየር ጋር ተመጣጥኖ የተቀመጠ ውሃ ከዚህ ጋዝ በሊትር አንድ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። ያለውም ቢሆን በውሃ ውስጥ የሚጓዘው በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት 10,000 ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ መብራቱ ቢበረታም ቅጠሉ ይራባል፣ አልጌ ይወርሰዋል። ጃፓናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ታካሺ አማኖ (1954–2015) ምገባውን በዓለም ካስለመዱት ሰዎች አንዱ ነው። አልጌ የምትለቅም አንዲት ሽሪምፕም በስሙ ትጠራለች። ለተክል ብቻ ሲታሰብ በሊትር ከ20 እስከ 30 ሚሊግራም ይመከራል። በደንብ የተመገበ ቅጠል ከሰዓት በኋላ የኦክሲጅን እንክብሎች ጠርዙ ላይ ተደርድረው አንድ በአንድ ሲነሱ ይታያል፤ ለተማሪ ከዚህ የተሻለ የፎቶሲንተሲስ ትምህርት አላውቅም።

ችግሩ ያለው ከተክሉ ጋር በገንዳው የምትኖር ሽሪምፕ ላይ ነው። መነሻዋ ምሥራቅ እስያ የሆነው ቼሪ ሽሪምፕ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። በደሟ ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው መዳብ ያለበት ፕሮቲን ነው። በውሃው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ የራሷን የተቃጠለ አየር ማስወጣት ያቅታታል፣ ደሟ አሲድ ይሆናል፣ ኦክሲጅን የመያዝ አቅሙም ይወርዳል። መጀመሪያ የሚቆሙት ሳያቋርጡ የሚለቅሙት የፊት እግሮቿ ናቸው። ቀጥሎ ተክሉን ይዛ ወደ ውሃው አፍ ትወጣለች። ይህን ያየ ሰው ጋዙን ወዲያው ዘግቶ የውሃውን ገጽ ማናወጥ አለበት። ማታ ደግሞ ተክሉም እንደ እሷ ኦክሲጅን ስለሚጠቀም ጋዙ የገንዳው መብራት ከመጥፋቱ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይዘጋል።

ራያ ቆላ ባለችው ኮቦ ላይ ግን በሌላ አገር ውሃ የተሰላ ቁጥር እንዳለ አይሠራም። የራያ ቆላ የጉድጓድ ውሃ ከምዕራቡ ተራራ ወርዶ በጥቁር ድንጋይ ስብርባሪ ደለል ውስጥ የሰረገ ነው፤ በመንገዱም ባይካርቦኔት ያሟሟል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚቀረው ነጭ ቅርፊት የዚሁ ምልክት ነው። ጋዙን በፒኤች (በውሃው የአሲድነት ልክ) ብቻ የሚለካ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የካርቦኔት ጥንካሬው (የባይካርቦኔቱ ልክ) 4 ዲግሪ የሆነ ውሃ ፒኤቹ 6.8 ሲደርስ በሊትር 19 ሚሊግራም ያህል ጋዝ ይዟል። ጥንካሬው 12 ዲግሪ በሆነ ውሃ ግን ያው 6.8 ማለት 57 ሚሊግራም ነው፤ ለሽሪምፕ አደገኛ መጠን። ፒኤቹንም ጥንካሬውንም ሳይለኩ ጋዝ መክፈት አይገባም።

የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ያላገኘ ሰው ስኳርና እርሾ በጠርሙስ በጥብጦ ጋዙን በቀጭን ቱቦ ወደ ገንዳው ይመራል። አረፋው ጉሽ ጠላ ላይ የምናየው ነው፤ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከፍለዋል። ለኮቦ ይህን ዘዴ አልመክርም። የቀኑ ሙቀት ሲበረታ እርሾው ይፈጥናል፣ ጋዙ ይበዛል፤ በዚያው ሰዓት የሞቀው ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅን ያንሳል። መብራት ቢጠፋ ተክሉ መመገቡን ያቆማል፣ ጠርሙሱ ግን አያቆምም። ቱቦው ከተደፈነም ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል።

ደግነቱ፣ የጋዙን ልኬት አሳሳች የሚያደርገው ያው ባይካርቦኔት ለአንዳንድ ተክሎች ቀለብ ነው። ቫሊስኔሪያና ሴራቶፊለም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያጥራቸው ከባይካርቦኔት ካርቦን መውሰድ ይችላሉ። ሁለቱም በጣና ሐይቅ ይበቅላሉ። አብዛኞቹ የውሃ ሽበቶች (ሞሶች) ግን ይህ ችሎታ የላቸውም። ቼሪ ሽሪምፕም ካርቦኔት ያለበትን ውሃ ትችላለች። ስለዚህ ለትንሽ የኮቦ ገንዳ ምገባውን ትቶ ትክክለኛውን ተክል መምረጥ ይበልጣል እላለሁ።

ተክሉን ግን ከጎሊና ወንዝም ሆነ ከመስኖ ቦይ ነቅላችሁ አታምጡ፤ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣ ከነእንቁላሉ አብሮ ሊገባ ይችላል። ሽሪምፗንም ወደ ወንዙ አትልቀቁ።