ማቆም የሚቻል ትምህርት፦ የበይነ መረብ ድምፆችና የእንግሊዝኛ የግል ጥናት

በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው «ፕላዝማ»ን አይረሳም። በሳተላይት የሚመጣው ትምህርት በእንግሊዝኛ ይነጉዳል፤ ያልገባው ተማሪ ሊያስቆመው አይችልም፤ መምህሩም እንደዚያው። የዛሬ ተማሪ ግን በስልኩ ድምፁን ያቆማል፣ ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ያዘገያል። በማስተምራቸው ክፍሎች የማየው ችግር ይህ ሥልጣን ሥራ ላይ አለመዋሉ ነው።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ከዚያ በላይ ያለውን በእንግሊዝኛ አድርጓል። ፊዚክስንም ታሪክንም በእንግሊዝኛ የሚማር ልጅ በሳምንት ጥቂት የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜዎች አይበቁትም። ቀሪውን በግሉ መሙላት አለበት።

የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪው ሄንሪ ሆሌክ በ1981 (እ.ኤ.አ.) ራስን ችሎ መማርን የራስን ትምህርት ኃላፊነት የመሸከም ችሎታ ሲል በይኖታል። ግብን፣ ይዘትንና ዘዴን መምረጥ፣ ውጤትንም መመዘን በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። ተማሪዎቼ ይዘት መምረጡን ያውቁበታል፤ በቴሌግራም የሰበሰቡት ፒዲኤፍና ቪዲዮ ስልካቸውን ሞልቶታል። የሚያቅታቸው ምዘናው ነው። ያዳመጠ ሁሉ የገባው ይመስለዋል።

ለዚህ መፍትሔው የድሮው የቃል ጽሕፈት ነው። የቢቢሲ «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» ድምፁ ከነጽሑፉ ይገኛል። የአሜሪካ ድምፅ በ1959 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ቀለል ያለ የእንግሊዝኛ ሥርጭትም በ1,500 ገደማ መሠረታዊ ቃላትና በዝግታ ንባብ የታነጸ ነበር። ተማሪው አንድ ደቂቃ ያህሉን ብቻ ይውሰድ። ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እያቆመ የሰማውን ይጻፍ፤ ከዚያ ከጽሑፉ ጋር ያመሳክር።

ስሕተቱ የት እንደሚበዛ ለአማርኛ ተናጋሪ መገመት አያስቸግርም። አማርኛ ስሙ የሚታወቅ ነገር መሆኑን በቃሉ መጨረሻ ያመለክታል፤ «ቤት» «ቤቱ» ይሆናል። እንግሊዝኛ ግን ከስሙ በፊት የምትመጣ፣ በፈጣን ንግግር የምትዋጥ አጭር ቃል ይጠቀማል፤ ተማሪው አይሰማትምና አይጽፋትም። የኃላፊ ጊዜ ምልክትም ብዙ ጊዜ በተነባቢዎች መካከል ይጠፋበታል። «ሺፕ» ብሎ የሰማው መርከብ ይሁን በግ በአናባቢው ልዩነት ብቻ የሚታወቅ ነው፤ አማርኛ ደግሞ ያንን ልዩነት አያውቀውም። እነዚህን በቀይ እስክሪብቶ ራሱ ሲያርም ጆሮው የዘለለውን ዓይኑ ያሳየዋል። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪው ሪቻርድ ሽሚት በ1990 (እ.ኤ.አ.) ቋንቋ ለመማር ማስተዋል ያስፈልጋል ያለው እንዲህ ያለውን ቅጽበት ይመስለኛል።

ዘዴው ለዳታ ወጪም ይራራል፤ አንዴ የወረደ አጭር ድምፅ ለሳምንት ይበቃል። ንግግርን ግን አይተካም። ለእርሱ ሰው ያስፈልጋል፤ ጮክ ብሎ ማንበብና ድምፅን ቀድቶ ማነጻጸር የሚረዳው በከፊል ነው።

የእንግሊዝኛ መምህራን ሆይ፣ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ሰጥታችሁ ይህን አሠራር ከተማሪዎቻችሁ ጋር አብራችሁ ሥሩት።