ሊቨርፑል (የከተማ ማንነት)

ሊቨርፑል በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በመርሲ ወንዝ ዳርቻ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። ነዋሪዎቿ «ስካውዘር» የሚባሉት «ስካውስ» ከተሰኘው ወጥ የተነሣ ነው፤ ሥጋ፣ ድንች፣ ካሮትና ሽንኩርት አንድ ላይ የሚበስሉበት የመርከበኞችና የድሆች ምግብ።

እ.ኤ.አ. በ1878 የተመሠረተው የከተማዋ እግር ኳስ ክለብ ኤቨርተን ከሜዳው አከራይ ከጆን ሆልዲንግ ጋር ተጣልቶ የአንፊልድ ስታዲየምን ሲለቅ፣ በ1892 ባዶ በቀረው ሜዳ ላይ የሊቨርፑል ክለብ ተወለደ።

ከተማዋን ከሁሉ በላይ የቀረጻት ግን ሐዘኗ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1989 በሼፊልድ ከተማ፣ በሂልስቦሮ ስታዲየም በተፈጠረ መጨናነቅ 97 የሊቨርፑል ደጋፊዎች ሕይወታቸውን አጡ። ፖሊስ ጥፋቱን በደጋፊዎቹ ላይ አላከከ፤ «ዘ ሰን» ጋዜጣም ውንጀላውን እውነት ነው ብሎ በፊት ገጹ አወጣው። ውሸት ነበር። ብዙ የከተማዋ ሰው ዛሬም ያንን ጋዜጣ አይገዛም፤ የማይሸጡት ሱቆችም አሉ። የሟች ቤተሰቦች እናት፣ አባት፣ እህት፣ ወንድም ሳይሉ ለፍትሕ ተሟገቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የምርመራ ችሎት የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) ሟቾቹ በሕገ ወጥ መንገድ መገደላቸውን፣ ደጋፊዎቹም ጥፋት እንደሌለባቸው ወሰኑ። በዚህ ትግል የኤቨርተን ደጋፊዎች ከጎናቸው መቆማቸው ከማንኛውም ዋንጫ ይበልጣል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የሁለቱ ክለቦች ደጋፊዎች ለችግረኞች ምግብ የሚሰበስብ ንቅናቄ ጀመሩ። በጨዋታ ቀን ወደ ስታዲየም የሚሄድ ተመልካች የታሸገ ምግብ ይዞ ይመጣል፤ ምግቡም ማሊያ ሳይለይ ለተራበ ቤት ይደርሳል።