የክላሲካል ሙዚቃ ስርጭት የተቀዳባቸውን የሪል ክሮች ወደ ዲጂታል መገልበጥ

በሬዲዮ ጣቢያዎች «ሪል» የሚባለው የድምፅ ክር የብረት ኦክሳይድ ዱቄት በማጣበቂያ የተለበጠበት ረጅም የፕላስቲክ ጥቅል ነው። ድምፁን የያዘው ዱቄቱ በመሆኑ፣ ማጣበቂያው ሲበላሽ ሙዚቃው አብሮ ይጠፋል።

ይህን የመሰለው መቅጃ፣ ማግኔቶፎን፣ ለሕዝብ የታየው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 በበርሊን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የጀርመን ሬዲዮ ቪልሄልም ፉርትቬንግለር የመራቸውን የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኮንሰርቶች በዚሁ ቀድቷል። ከጦርነቱ በኋላ ብዙዎቹ ክሮች ወደ ሞስኮ ተወሰዱ። በርሊን መልሳ ያገኘቻቸው ከአራት ዐሥርት ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው፤ ኦርኬስትራውም በ2018 በ22 ዲስኮች አሳትሟቸዋል።

እስከዚያ ድረስ አድማጭ ይሰማ የነበረው የቅጂ ቅጂ ነበር። ፉርትቬንግለር በታኅሣሥ 1944 በቪየና የመራው የቤትሆቨን 3ኛ ሲምፎኒ በ1950ዎቹ በሸክላ ሲታተም ከትክክለኛው ቃና ከፍ ብሎ ወጥቷል። ክሩ 6 በመቶ ያህል ከፈጠነ ሙዚቃው በግማሽ ድምፅ ይወጣል። ስለዚህ የገልባጩ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ፍጥነት ነው። መልሱን አንዳንዴ የሚያገኘው ሳይታሰብ ክሩ ላይ ከገባው የኤሌክትሪክ መስመር ጉምጉምታ ነው፤ በአውሮፓ ይህ ድምፅ በሰከንድ 50 ጊዜ ይርገበገባልና።

ሁለተኛው የክሩ ጤና ነው። እርጥበት ለጎተራ እህል ጠላት እንደሆነ ሁሉ ለክርም ጠላት ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከተሠሩት አንዳንዶቹ እርጥበት ስበው ይጣበቃሉ፤ ሲዞሩ ይጮኻሉ፤ ዱቄታቸውም በማጫወቻው ራስ ላይ ተልጦ ይቀራል። እነዚህን በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ለብዙ ሰዓታት ማድረቅ ለጊዜው ያድናቸዋል። ከዚያ ቀደም ከአሲቴት የተሠሩት ግን ሲበላሹ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታሉ፤ እነርሱን ማሞቅ ማጥፋት ነው። የክሩን ዓይነት ሳይለዩ ምድጃ ማቀጣጠል አይገባም።

ግልበጣው ራሱ ትዕግሥት እንጂ ጥበብ አይጠይቅም፤ የአንድ ሰዓት ክር አንድ ሰዓት ይወስዳል። በ96 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ሳይጨመቅ ሲቀመጥ 2 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል። ማጫወቻና መለዋወጫ ዛሬ በፋብሪካ በብዛት አይመረትም፤ የሚጠግነውም ባለሙያ እያረጀ ነው። ጊዜው የሚያጥረው ከክሩ ይልቅ በዚህ በኩል ነው።

ከተገለበጠም በኋላ ክሩ አይጣል፤ ነገ የተሻለ መሣሪያ ሊያነበው ይችላል። ከሙዚቃው በፊትና በኋላ ያለው የአቅራቢው ንግግርም አይቆረጥ። ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ በደበዘዘ ጊዜ ቀኑን፣ ቦታውንና የተጫዋቾቹን ስም የሚናገረው እርሱ ብቻ ነው።