የጠመንጃው ጌጥና ስሙ ያልተጻፈው ባለ እጅ

ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ሲገባ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በቅድሚያ ያዘዙት ድልድይ ወይም ቤተ መንግሥት አልነበረም። መጀመሪያ ጫማ፣ ቀጥሎ ጠመንጃ እንዲሠራላቸው ጠየቁት ይባላል። ኢልግ፣ በአገሩ አንድ ጠመንጃ በብዙ ባለሙያ እጅ እንደሚያልፍ ቢያስረዳም ሰሚ አላገኘም፤ እንደምንም ሠርቶ አቀረበ።

ሸዋ ለጠመንጃ እንግዳ አልነበረችም። በ1833 ዓ.ም. የመጣው የእንግሊዝ ልዑክ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ 300 ጠመንጃ አበርክቷል። የዚያ ዘመን ነፍጥ በአፈሙዙ በኩል ባሩድና አረር እየተጎሰመ የሚጎርስ ነበር፤ አንዴ ተኩሶ እንደገና እስኪጎርስ ድረስ ጦረኛው በጎራዴውና በጋሻው መተማመን ነበረበት። ቁጥሩ ጥቂት ስለነበረም ነፍጥ የያዘ ሰው ማዕረጉ ከሩቅ ይታወቅ ነበር።

ማዕረግ ደግሞ ጌጥ ይወዳል። ጋሻው በከፈይና በብር ሲሸለም፣ የጎራዴው አፎት ሲያጌጥ፣ ጠመንጃውም ድርሻውን አገኘ። ብሩ የሚገኘው ማርትሬዛ ከሚባለው የብር ገንዘብ ነው። አንጥረኛው 28 ግራም የምትመዝነውን ብር በወናፍ በተራገበ ከሰል ያቀልጣታል፤ በመዶሻ እየቀጠቀጠ ስስ ቅጠል ያደርጋትና ሰደፉን ያለብስባታል። ከዚያ በትንሽ መሮ፣ ቀስ እያለ፣ መስመርና ሐረግ ይቀርጽባታል። እጁ ከሳተ ብሩን ዳግም ከማቅለጥ በቀር መላ የለውም።

ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ እንጦጦ አዙረው ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ሲነግሡ፣ ይህ ሙያ የቤተ መንግሥቱ አንዱ ጌጥ ነበር። በኋላ አዲስ አበባ በተሠራው ግቢም ቀጥቃጩ፣ አንጥረኛውና ኮርቻ ሠሪው የየራሳቸው የሥራ ቤት ነበራቸው።  ከዓድዋ ድል በኋላ ግን በአፈሙዝ የሚጎርሰው ነፍጥ ከኋላቸው ለሚጎርሱት ለሰናድርና ለውጅግራ ቦታውን ለቆ ነበር።

በመሣሪያ ላይ የሚቀረጸው ሐረግ ብቻ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ነበር፤ በብር ሰሌዳው ላይ የሰጪዋም የተቀባዩም ስም ተቀርጿል። የቀረጸው ሰው ስም ግን የለም። በእኛም አገር የአንጥረኛው ዕጣ ከዚህ የከፋ ነበር፤ ሥራው በመኳንንት ትከሻ ላይ ሲያበራ፣ እሱ ግን «ቡዳ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን መስደብ ከለከሉ፤ ተሳድቦ የተገኘም አንድ ዓመት እንዲታሰር አዘዙ። አዋጁ ስድቡን ነቀፈ እንጂ የባለ እጁን ስም በመዝገብ አላኖረም።

ዛሬ የጦር መሣሪያ መያዝ በአዋጅ 1177/2012 ፈቃድ የሚጠይቅ ነው፤ መሮና መዶሻውም በመስቀልና በጌጣጌጥ ላይ ውሏል። በእንጦጦ ማርያም ቤተ መዘክርም ሆነ በሌሎች የተቀመጠ ቅርስ መግለጫ ሲጻፍለት፣ የማን ንብረት እንደነበረ ብቻ ሳይሆን በምን ጥበብ እንደተሠራና ከታወቀም በማን እጅ እንደተሠራ ሊጻፍለት ይገባል። በዚህ ዘመን የሚቀርጸው አንጥረኛ ደግሞ ገና በሕይወት አለና ስሙን ለመመዝገብ ጊዜው አልረፈደም።