አሉሚኒየም ላይ የሚታተም ስዕል፦ ከማዘዛችሁ በፊት ይህን እወቁ

ለሳሎናችሁ ከሸራና ከወረቀት ውጪ አሉሚኒየም ላይ የታተመ ስዕል አስባችኋል? አሠራሩንና መጠየቅ ያለባችሁን በአጭሩ እነሆ።

🔹 እንዴት ይሠራል?
ኩባያ ላይ ፎቶ የሚታተምበት ዘዴ ነው። ስዕሉ መጀመሪያ በልዩ ቀለም ወረቀት ላይ ተገልብጦ ይታተማል። ከዚያ ወረቀቱ ፖሊስተር በተቀባ ስስ አሉሚኒየም ላይ ተደርጎ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚሞቅ ማሽን ይጫናል። ቀለሙ ወደ ጋዝ ተቀይሮ ቅቡ ውስጥ ስለሚገባ እንደ ስቲከር አይላጥም።

🔹 ጥሩውና መጥፎው
አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም፤ አቧራውን በለስላሳ እርጥብ ጨርቅ መወልወል በቂ ነው። ግን ቀጥታ ፀሐይ በጊዜ ብዛት ቀለሙን ያደበዝዘዋል። የሚያብለጨልጨውን ዓይነት ደግሞ ከመስኮት ትይዩ አትስቀሉት፣ ብርሃኑን መልሶ ዓይናችሁ ላይ ነው የሚያመጣው።

🔹 ፎቶው ጥራት አለው?
ለ40 በ60 ሳንቲ ሜትር ቢያንስ 2,400 በ3,500 ፒክስል ገደማ ያስፈልጋል። በቴሌግራም ስትልኩ በፎቶ መልክ ከሆነ ይቀንሰዋል፤ በፋይል ላኩት።

🔹 ስዕሉ የማን ነው?
ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሠዓሊው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ገብረክርስቶስ ደስታ ያረፈው በ1973 ዓ.ም፣ ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ደግሞ በ2004 ዓ.ም ነው። የሁለቱም ሥራዎች ገና ጥበቃው ውስጥ ናቸው። "ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት" ማለት ፈቃድ አይደለም። ዋናውን ስዕል መግዛትም አባዝቶ የመሸጥ መብት አይሰጥም።

🔹 ለሶዶና ለዞኑ ልጆች
የዳሞታን ተራራ፣ የአጆራን ፏፏቴ ወይም የዱንጉዛን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የሚስል ልጅ ታውቃላችሁ? ስዕሉን አትማችሁ መሸጥ ካሰባችሁ፦

✅ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ
✅ ስንት ኮፒ እንደሚታተምና ከእያንዳንዱ ሠዓሊው ስንት እንደሚያገኝ ተስማሙ
✅ ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት
✅ ስሙ ስዕሉ ላይ ይኑር

ሠዓሊ ዋናውን ስዕል የሚሸጠው አንዴ ነው። በስምምነት ከታተመ ግን ያው ሥራ ደጋግሞ ገቢ ያስገኝለታል። ያለ ፈቃድ ከታተመ እሱ አንዴ የደከመበትን ሌላው መቶ ጊዜ ይሸጠዋል።