የጀልባ ሽንት ቤት ማጠራቀሚያ ታንከር

የማጠራቀሚያ ታንከር ሽንት ቤት ባላቸው ጀልባዎች ላይ ዓይነ ምድርንና ሽንትን ወደ ውሃው ሳይለቅ፣ ወደብ ደርሶ እስኪመጠጥ ድረስ ይዞ የሚቆይ ዝግ ዕቃ ነው። በመዝናኛ ጀልባዎች ላይ የተለመደው ከ40 እስከ 150 ሊትር የሚይዝ ነው፤ ቦታ ስለሚጠብ ብዙ ጊዜ ከአልጋ ሥር ወይም ከወለል በታች ይሰካል። ቢያንስ ሦስት መስመሮች ይገናኙበታል። አንዱ ከመቀመጫው ፍሳሹን ያመጣል፤ ሁለተኛው በጀልባው የላይኛው ወለል ላይ ካለው ክዳን ተያይዞ መምጠጫ ይሆናል፤ ሦስተኛው ቀጭኑ ደግሞ አየር ያስገባል፣ ያስወጣል። ቤቱ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ያስመጣ ሰው አሠራሩ አይከብደውም። ልዩነቱ ጉድጓዱ ከግቢ ማዶ ሳይሆን ከትራስ ሥር መሆኑ ነው፤ የጽዳቱ ጉዳይ ይህን ያህል የሚያሳስበውም ለዚህ ነው።

ታንከሩን ያስፋፋው ሕግ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የንጹሕ ውሃ ሕግ አንቀጽ 312 ቋሚ ሽንት ቤት የተገጠመለት ጀልባ ሁሉ የፍሳሽ መያዣ ወይም ማከሚያ መሣሪያ እንዲኖረው ያዛል፤ ማጠራቀሚያ ታንከር በእነዚህ መሣሪያዎች ምደባ ሦስተኛው ዓይነት ነው። ከባሕር ዳርቻ እስከ 3 የባሕር ማይል ድረስ ያልታከመ ፍሳሽ መልቀቅ ክልክል ነው። ወደ ውጭ የሚያስወጣ መስመር ያለው ጀልባ በዚህ ክልል ውስጥ የአቅጣጫ መቀየሪያውን ቫልቭ ቆልፎ ወይም አስሮ መያዝ አለበት። በአሜሪካው ፒውጀት ሳውንድ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የታከመውም ቢሆን አይለቀቅም። መከልከል ብቻውን እንደማይበቃ ስለታየ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ሌላ ሕግ ወደቦች የመምጠጫ ጣቢያ እንዲተክሉ በገንዘብ ይደግፋል። በእኔ ግምት ከክልከላው ይልቅ ውሃውን የጠቀመው ይህ ነው፤ መምጠጫው ቅርብ ከሆነ ሰው አይሸሸውም። ስዊድን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2015 ጀምሮ የመዝናኛ ጀልባዎች የሽንት ቤት ፍሳሽ በባሕሯም በሐይቆቿም እንዳይለቁ ከልክላለች። በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ ያሉ ትላልቅ መርከቦች የሚገዙት የመርከብ ብክለትን በሚከላከለው የማርፖል ስምምነት አራተኛ አባሪ ነው፦ ያልታከመ ፍሳሽ ከየብስ ከ12 የባሕር ማይል በላይ ርቆ፣ ከ4 ኖት ባላነሰ ፍጥነት እየተጓዙ፣ ቀስ በቀስ ካልሆነ አይፈሰስም። ባሕር ዳር ሠልጥነው በዓለም መርከቦች ላይ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን የመርከብ መሐንዲሶች በየዕለቱ የሚኖሩበት ደንብ ይህ ነው።

ስለ ታንከር ሲነሳ ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ሽታው ነው። የሽታው ምንጭ የአየር እጦት ነው። በፍሳሹ ውስጥ ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ኦክስጅን የሚሹት ቆሻሻውን ሲበሉ በዋናነት የሚያወጡት ሽታ የሌለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ኦክስጅን የማይሹት ደግሞ አየሩ ሲያልቅ ተራውን ይረከቡና እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚከረፋውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ ከእሱም ጋር ሚቴንና ሌሎች ጋዞችን ያመርታሉ። የባሕር ውሃ ለእነዚህኞቹ ድግስ ነው፤ በአንድ ኪሎ የባሕር ውሃ ውስጥ 2.7 ግራም ገደማ ሰልፌት አለ፣ ሰልፋይዱ የሚሠራውም ከእሱ ነው። በንጹሕ ውሃ የሚታጠብ ሽንት ቤት ብዙም የማይሸተው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መለየት አለበት። ጀልባው ሳምንት ተዘግቶ ቆይቶ መጀመሪያ ሲታጠብ ብቻ የሚመጣ ግማት የታንከሩ አይደለም። በማስገቢያው ቱቦ ውስጥ ተኝቶ የሰነበተው የባሕር ውሃና በውስጡ የሞቱት ጥቃቅን ሕይወታውያን ናቸው የሸተቱት። ከጀልባው ከመውጣት በፊት በማስገቢያው ቱቦና በመቀመጫው ፓምፕ ንጹሕ ውሃ ማሳለፍ ይበቃል። ይህን ሳይለዩ ስንቶች ታንከር ቀይረዋል!

መተንፈሻው የሥርዓቱ ሳንባ ነው። ብዙ ጀልባዎች ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡት 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ረጅምና ጠማማ ቱቦ አየርን በቅጡ አያሳልፍም። አጠር፣ ቀና፣ ሰፋ ያለ ቱቦ፣ በተለይም በሁለቱም ጎን አንድ አንድ ከተገጠመ ንፋሱ በታንከሩ አናት ላይ ያልፋል፤ ታንከሩም ያለምንም ዱቄትና ፈሳሽ ጠረኑ ይለወጣል። ያልተመቸው እንደ ዓሣ ገንዳ ፓምፕ ያለ ትንሽ መሣሪያ ተክሎ ከሥር አየር ያስፈልቃል። በመተንፈሻው ላይ የሚገባ የከሰል ማጣሪያ ሽታውን ይይዛል፤ ነገር ግን ከረጠበ ያንኑ አየር ይዘጋል፣ ስለዚህ በጊዜው መቀየር አለበት። መተንፈሻ በጨው፣ በቀለም፣ በሸረሪት ድር፣ ከሞላ ታንከር በሚወጣ አተላ ይደፈናል። የተደፈነ መተንፈሻ ያለውን ታንከር በመምጠጫ ማሽን መምጠጥ አደጋ ነው፤ የሚተካ አየር ስለሌለ ግድግዳው ወደ ውስጥ ይጨማደዳል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ምጥጫ ላይ አንድ ሰው በጀልባው ጎን ባለችው ቀዳዳ ላይ እጁን ያድርግ፤ ስትስብ ካልተሰማው ማሽኑ ይቁም።

ማጽዳቱ ራሱ ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። ታንከሩ ከተመጠጠ በኋላ በላይኛው ክዳን በኩል እስከ ሩቡ ንጹሕ ውሃ ይገባበታል፤ ጀልባው ትንሽ ሲንቀሳቀስ ውሃው ግድግዳውን ያጥባል፤ ከዚያ እንደገና ይመጠጣል። በመምጠጫው ጎማ ላይ ባለችው ግልጽ ክፍል የሚያልፈው ውሃ እስኪጠራ ይደጋገማል። ከሥር ዝቃጭ የጋገረበት ከሆነ በውሃ ሞልቶ ሁለት ሦስት ቀን ማሳደር ያላላዋል። ለዚህ የሚውለው የወደብ ጎማ የመጠጥ ውሃ ታንከር መሙያ ሊሆን ፈጽሞ አይገባም። ሥራው በጓንት ነው፤ ክዳኑ ዙሪያ የተረጨው በሳሙና ውሃ ይታጠባል። ወደ ታንከሩ የሚገባው ሶፍትም በውሃ ቶሎ የሚሟሟ ዓይነት መሆን አለበት፤ በጠርሙስ ውሃ ውስጥ ከትቶ መነቅነቅ ለመፈተኛ ይበቃል።

ሁለተኛው ጠላት ድንጋይ ነው። ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ በባክቴሪያ ወደ አሞኒያ ሲቀየር ፈሳሹ አልካላይን ይሆናል፤ በባሕር ውሃ ውስጥ ያሉት ካልሲየምና ማግኒዚየም ያኔ ረግተው በቱቦው ግድግዳ ላይ ይጋገራሉ። የድሬዳዋ ውሃ በማንቆርቆሪያ ላይ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ያየ ሰው የባሰውን ያስብ። 38 ሚሊ ሜትር የነበረ ቱቦ ቀስ በቀስ ጣት ወደማያሳልፍ ቀዳዳ ይጠብባል፤ ፓምፑ ሲከብድ የመጀመሪያው ምልክት ያ ነው። መከላከያው ሁለት ነው። መጀመሪያ ሲታጠብ ፍሳሹ ቱቦው ውስጥ እንዳይቀር ደጋግሞ ፓምፕ ማድረግ፤ ቀጥሎም በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ሁለት ኩባያ ነጭ አቼቶ በመስመሩ ውስጥ ቀስ እያሉ አሳልፎ ጥቂት ቆይቶ በውሃ ማጠብ። የቆየ ድንጋይ ግን ለአቼቶ አይበገርም። ቱቦውን ፈትቶ ወደብ ላይ አውጥቶ መሬት ላይ መምታት ቅርፊቱን ይሰነጣጥቀዋል፤ ካልሆነ አዲስ ቱቦ ይገዛል። ታጥቦ ያለቀ ውሃ ተመልሶ ወደ መቀመጫው ከመጣ ደግሞ ፍሳሹን የሚያግደው የጎማ ቫልቭ አልቋል ማለት ነው፤ ዋጋው ትንሽ ስለሆነ በየዓመቱ መቀየሩ ይሻላል።

በረኪና ለታንከር መድኃኒት ይመስላል፣ አይደለም። ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ይገድላል፣ የጎማ ክፍሎችን ያደርቃል፤ ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን፣ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፤ ሁለቱም ሳንባ ያቃጥላሉ። በፎርማልዲሃይድ የተሠሩት የቆዩ መድኃኒቶች ለተጠቃሚውም፣ ፍሳሹን ለሚቀበለው የማጣሪያ ጣቢያም መርዝ ናቸው። የሚመረጡት ናይትሬት ያለባቸው ናቸው፤ ኦክስጅን ሲያልቅ ባክቴሪያዎቹ በናይትሬቱ ስለሚተነፍሱ ወደ ሰልፌቱ አይዞሩም።

ታንከሩ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ክፍሉ ከሸተተ ጥፋቱ የቱቦው ሊሆን ይችላል፤ ርካሽ ቱቦ በዘመን ብዛት ሽታውን በግድግዳው ያሳልፋል። ፍተሻው ቀላል ነው፦ ጨርቅ በሙቅ ውሃ ነክሮ በቱቦው ላይ መጠምጠም፣ ሲቀዘቅዝ ማሽተት። ጨርቁ ከሸተተ ቱቦው ይለወጣል። ብረት ታንከሮችን ሽንት ይበላቸዋል፤ አሉሚኒየም ብቻ ሳይሆን የማይዝግ የሚባለው ብረት እንኳ በብየዳው ላይ ይበሳል። ስለዚህ ወፍራም ፖሊኢትሊን የተሻለ ነው።

ለጥገና ታንከር የሚከፍት ሰው ስለ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ማወቅ ግዴታው ነው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ በጀልባው ሆድ ውስጥ ይተኛል። በጥቂቱ ሲሆን ይሸታል፤ በአየር ውስጥ ከሚሊዮን 100 እጅ አካባቢ ሲደርስ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ሰውየውም ሽታው የጠፋ ይመስለዋል። ከዚያ በላይ ሲጨምር ይገድላል። ክፍት በር፣ የሚሠራ ማራገቢያ፣ ከውጭ የሚጠብቅ ሁለተኛ ሰው ሳይኖር በጠባብ ክፍል ውስጥ የሞላ ታንከር አይከፈትም፤ ሚቴንም ስላለ እሳት አይጫርም።

ውሃ በረዶ በሚሆንባቸው ቦታዎች፣ ለምሳሌ በስዊድን ወይም በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች፣ ጀልባው ከበረዶ ወራት በፊት ሲወጣ ታንከሩ ተመጥጦ ይታጠባል፤ በፓምፑና በቱቦዎቹ ውስጥ ፕሮፒሊን ግላይኮል ያለው ፀረ በረዶ ይሳባል። የመኪናው ኤትሊን ግላይኮል መርዛማ ስለሆነ አይተካውም። በረዶው ሲለቅ፣ ጀልባው ወደ ውሃ ከመመለሱ በፊት፣ መጀመሪያ የሚታየው መተንፈሻው ነው፤ በቀጭን ሽቦ ይፈተሻል፣ ወራቱን ሙሉ ሸረሪት ሠርታበት ትሆናለችና።